ቁልፉም ባትሪውም በአስጎብኚዋ እጅ ነው፦ የሞጋኦ ዋሻዎች የቡድን ጉብኝት

አስጎብኚዋ ቁልፍ ታወጣለች። የብረት በሩን ከፍታ ትገባለች፤ ሃያ ምናምን ሰው ይከተላታል። ውስጡ ድቅድቅ ጨለማ ነው። አምፖል የለም፣ መስኮትም የለም። የእጅ ባትሪዋን ስታበራ ግድግዳው ላይ አንድ ፊት ብቅ ይላል። ከ1,400 ዓመት በፊት የተሳለ ፊት ነው። ባትሪው ወደ ጎን ሲዞር ሌላ ፊት ይመጣል። ከዚያ ነጠላዋን እያውለበለበች በአየር ላይ የምትንሳፈፍ ሴት ትታያለች። ጣሪያው ላይ ደግሞ የአበባ ሐረግ። አስጎብኚዋ ጥቂት ደቂቃ ታብራራለች። ከዚያ «እንውጣ» ትላለች። የመጨረሻው ሰው እንደወጣ በሩን መልሳ ትቆልፈዋለች።

ቦታው የሞጋኦ ዋሻዎች ይባላል። በሰሜን ምዕራብ ቻይና፣ በጋንሱ ግዛት፣ ከዱንሁዋንግ ከተማ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በጎቢ በረሃ ዳር ይገኛል። እዚያ ትኬት የቆረጠ ጎብኚ ሁሉ የሚገባው በቡድን ሆኖ፣ አስጎብኚ ተከትሎ ነው። ብቻዬን ልዙር ማለት አይቻልም።

ብዙዎቻችን የቡድን ጉብኝት ሲባል ደስ አይለንም። ባንዲራ ያነሳች ሴት ከፊት፣ አንድ ዓይነት ኮፍያ ያጠለቀ ሕዝብ ከኋላ። ጥድፊያ ነው፣ እንደ በግ መነዳት ነው እንላለን። ብዙ ቦታ ላይ እውነት ነው። ሞጋኦ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚህ ቡድኑ የተሰበሰበው ለአስጎብኚ ድርጅት እንዲመች ተብሎ አይደለም። ለግድግዳው ሲባል ነው። ስንት ሰው፣ የትኛው ዋሻ ውስጥ፣ ለምን ያህል ጊዜ የሚለው ሁሉ ተለክቶ የተቆረጠ ነው። ወደዚህ ልኬት እንዴት እንደተደረሰ ነው የማጫውታችሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ጭቃና ጭድ

በሚነገረው ታሪክ መሠረት በ366 ዩዌዙን የሚባል መነኩሴ በዚህ ሲያልፍ ገደሉ ላይ ወርቃማ ብርሃን አየ። ሺህ ቡድሃዎች የተገለጡለት መሰለው። እዚያው ገደሉን ፈልፍሎ የሚጸልይባት ዋሻ ሠራ። ሌላ መነኩሴ መጥቶ ከጎኑ ፈለፈለ። ከዚያ በኋላ ፍልፈላው ለሺህ ዓመት ያህል አልቆመም። ዱንሁዋንግ ቻይናን ከምዕራብ አገሮች ጋር ያገናኝ የነበረው የንግድ መስመር፣ የሐር መንገድ፣ በር ነበረች። ከከተማዋ ወደ ምዕራብ የሚወጣ ነጋዴ ፊቱ ያለው በረሃ ነው። ስለዚህ ከመሄዱ በፊት ይሳላል፤ በሰላም ሲመለስ ስለቱን ያገባል። ስለቱ አንዳንዴ ዋሻ ማሠራት ነበር። ያሠሩት ሰዎች ራሳቸው ከነቤተሰባቸው ከግድግዳው ግርጌ ተሰልፈው ተሥለዋል። በእኛ የጥንት አብያተ ክርስቲያናት ሥዕሉን ያሠራው ሰው ከግርጌ ተደፍቶ እንደሚሣለው ማለት ነው።

ዛሬ ገደሉ ላይ የተቆጠሩት ዋሻዎች 735 ናቸው። ሥዕልና ሐውልት ያለባቸው 492 ናቸው። የግድግዳ ሥዕሉ ተደማምሮ 45 ሺህ ካሬ ሜትር ይሆናል። ከሁለት ሺህ በላይ ቀለም የተቀቡ ሐውልቶችም አሉ። ዩኔስኮ በ1987 በዓለም ቅርስነት መዘገበው።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገራችሁ። የሞጋኦ ገደል እንደ ላሊበላ ድንጋይ ተጠርቦ ቅርጽ የሚወጣለት ዓለት አይደለም። ጠጠርና አሸዋ ተጣብቆ የሠራው ልል ነገር ነው። መፈልፈል ይቻላል፤ ላዩ ላይ መቅረጽም መሣልም ግን አይቻልም። ስለዚህ ሠዓሊዎቹ ግድግዳውን በጭቃ መረጉት። ጭቃው እንዲይዝ ጭድ ጨመሩበት። ላዩን በስሱ ለስልሶ ነጭ ተቀባ፤ በዚያ ላይ ሣሉ። ጭቃ ቤት ሲመረግ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ያ ሁሉ ውበት የተቀመጠው ምርጊት ላይ ነው።

ምርጊቱ እስካሁን የቆየው በረሃው ደረቅ ስለሆነ ነው። ችግሩ ዓለቱም ጭቃውም ውስጥ ጨው መኖሩ ነው። አየሩ ደረቅ ሆኖ እስከቆየ ድረስ ጨዉ ይተኛል። እርጥበት ሲያገኝ ይሟሟል። መልሶ ሲደርቅ ይጠጥርና ያብጣል። ይህ ሲደጋገም ቀለሙን ከታች ወደ ላይ እየገፋ ይፈነቅለዋል። ቅርፊት እየሆነ ይረግፋል።

እርጥበቱን ደግሞ ከሚያመጡት አንዱ እኛ ነን። ሰው ይተነፍሳል፣ ያልበዋል። በዋሻዎቹ ውስጥ በተደረገ ሙከራ 40 ሰው ለግማሽ ሰዓት ያህል አንድ ዋሻ ውስጥ ሲቆይ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ 7.5 እጥፍ ጨመረ። የአየሩ እርጥበት በ10 በመቶ፣ ሙቀቱ በ4 ዲግሪ ከፍ አለ። ማንም ግድግዳ አልነካም፣ ማንም አልቧጨረም። መቆማቸው ብቻ በቂ ነበር። ይህን ያነበብኩ ቀን እስከዛሬ ቅርስን የሚጎዳው ባለጌ ጎብኚ ነው ብዬ ማሰቤ ትክክል እንዳልነበረ ገባኝ። ጨዋውም ይጎዳል።

ስልሳ ዓመት የጠበቁት ሴት

በ1944 ዋሻዎቹን የሚጠብቅና የሚያጠና ተቋም ተመሠረተ። የመጀመሪያው ኃላፊ ፓሪስ ተምሮ የመጣው ሠዓሊ ቻንግ ሹሆንግ ነበር። ያኔ ብዙ ዋሻዎች አሸዋ ሞልቷቸው ነበር። አሸዋ በመጥረግ ነው የተጀመረው።

በ1963 ደግሞ አንዲት የ25 ዓመት ወጣት ከፔኪንግ ዩኒቨርሲቲ በአርኪዎሎጂ ተመርቃ መጣች። ፋን ጂንሺ ይባላሉ። ሻንጋይ ያደጉ የከተማ ልጅ ናቸው። የደረሱበት ቦታ መብራት የለውም፣ የቧንቧ ውሃ የለውም፤ የሚጠጣው ውሃ ጨው ጨው ይላል። ባለቤታቸው በሩቁ ዉሃን ከተማ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ ነበር። ባልና ሚስት ለ19 ዓመት ተለያይተው ኖሩ። በመጨረሻ በ1986 ሥራቸውን ትተው ወደ በረሃው የመጡት ባል ናቸው። በእኔ ዓይን ከሞጋኦ ታሪክ ሁሉ ልብ የሚነካው ይህ ነው።

ዋሻዎቹ ለሕዝብ የተከፈቱት በ1979 ነው። በዚያ ዓመት የመጣው ጎብኚ 30 ሺህ አይሞላም። በ1984 ከ100 ሺህ አለፈ። በ2006 ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ሆነ። ፋን ጂንሺ በ1998 የተቋሙ ኃላፊ ሲሆኑ በሩ ላይ ያለው ግፊት እንዲህ እየጨመረ ነበር። ዋሻዎቹን ከቱሪዝም ንግድ ጋር ጠቅልሎ በአክሲዮን ገበያ የማቅረብ ሐሳብም በዚያ ሰሞን ተነሥቶ ነበር። እሳቸው አሻፈረኝ አሉ። ሐሳቡም ቀረ።

እምቢ ማለት ግን በራሱ መፍትሔ አይደለም። ጎብኚውን መዝጋት አይቻልም፤ መዝጋትም አልፈለጉም። ስለዚህ መለካት ጀመሩ። በሎስ አንጀለስ የሚገኘው የጌቲ ጥበቃ ተቋም ከ1989 ጀምሮ አብሯቸው ይሠራ ነበር። አሸዋ የሚያግድ አጥር አብረው ተክለዋል፤ 85ኛውን ዋሻ አብረው ጠግነዋል። ከ2001 ጀምሮ ደግሞ «ይህ ቦታ ስንት ሰው ይችላል?» የሚለውን ጥያቄ አብረው ያዙ።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱ ዓመታት ፈጀ። በየዋሻው የሙቀት፣ የእርጥበትና የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ ተገጠመ። የጨዉ ባሕርይ ተጠና። የአየሩ እርጥበት ከ67 በመቶ አካባቢ ሲያልፍ ጨዉ መሟሟት እንደሚጀምር ታወቀ። ስለዚህ ገደቡን ቀድመው 62 በመቶ ላይ አደረጉት። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአንድ ሚሊዮን እጅ 1,500 እጅ እንዳያልፍ ተባለ። ከ13 ካሬ ሜትር ያነሰ ዋሻ ለሕዝብ አይከፈትም። ምክንያቱም አንድ ቡድን ቢበዛ 25 ሰው ነው፤ ለሁለት ሰው አንድ ካሬ ሜትር ተሰልቶ ነው። ትንንሾቹ ዋሻዎች በዚህ ስሌት ብቻ ወደቁ። ሥዕላቸው የተላላጠውም፣ መንገዳቸው አደገኛ የሆነውም ወጡ። በቀሩት ዋሻዎች ልክ ሲቆጠር ቦታው በቀን የሚችለው 3,000 ሰው ሆነ።

ችግሩ በጎብኚ ወቅት የሚመጣው ከዚያ እጅግ የበለጠ መሆኑ ነው። በ2012 በጥቅምት የብሔራዊ በዓል እረፍት በአንድ ቀን ብቻ ከ18 ሺህ በላይ ሰው መጣ። ልኬቱ ከፈቀደው ስድስት እጥፍ ማለት ነው።

ፊልም ቤቱ

መውጫው የተገኘው ከአንድ ቀላል አስተያየት ይመስለኛል። ጎብኚው ዋሻ ውስጥ የሚያጠፋው ጊዜ ሁሉ ለማየት አልነበረም። ግማሹ ለማዳመጥ ነበር። ዩዌዙን ማን ነው? የሐር መንገድ ምንድን ነው? ይህ ቡድሃ ለምን ተጋደመ? ይህን ሁሉ ለመስማት የግድ ሥዕሉ ፊት ቆሞ መተንፈስ አያስፈልግም። ውጭም ይነገራል።

በ2003 ፋን ጂንሺ መንግሥትን ከሚያማክረው የሕዝብ ምክክር ጉባኤ ሌሎች አባላት ጋር ሆነው የጎብኚዎች ማዕከል እንዲሠራ ሐሳብ አቀረቡ። ማዕከሉ በ2014 ተከፈተ። ከዋሻዎቹ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከሩቅ ሲታይ የአሸዋ ክምር ይመስላል። ውስጡ ሁለት ፊልም ይታያል። እያንዳንዳቸው 20 ደቂቃ ያህል ናቸው። የመጀመሪያው የሺህ ዓመቱን ታሪክ ይተርካል። ሁለተኛው የሚታየው ከላይ እንደ ጎጆ ጣሪያ ክብ በሆነ ስክሪን ነው። ወንበራችሁ ላይ ወደኋላ ደገፍ ብላችሁ ቀና ስትሉ የዋሻው ጣሪያ እላያችሁ ላይ ይዘረጋል። በባትሪ ብርሃን የማታዩትን ዝርዝር በዚያ ታያላችሁ። ምስሎቹ የተገኙት ዋሻዎቹን በከፍተኛ ጥራት ፎቶ የማንሣት ሥራ ለዓመታት ስለተሠራ ነው። ከ2016 ጀምሮ የ30 ዋሻዎች ምስል በኢንተርኔት በነፃ ተለቋል። አዲስ አበባ ቁጭ ብሎም ማየት ይቻላል።

ጎብኚው ታሪኩን ሰምቶ፣ ዓይኑን አለማምዶ ስለሚመጣ ዋሻው ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ አጠረ። በዚህ የተነሣ የቀኑ ልክ ከ3,000 ወደ 6,000 ከፍ ሊል ቻለ። ግድግዳው ላይ የሚያርፈው ጫና ሳይጨምር የሰዉ ቁጥር እጥፍ ሆነ። በጉዳዩ ውስጥ እኔን ያስደነቀኝ ይህ ነው። ብዙውን ጊዜ ቅርስና ቱሪዝም ሲነሣ ወይ ይዘጋ ወይ ይከፈት ነው ክርክሩ። እነሱ ጉብኝቱን ራሱን ለሁለት ከፈሉት፤ ትምህርቱን ውጭ፣ ማየቱን ውስጥ አደረጉት።

የጎብኚው ቀን

ሞጋኦን ማየት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ በፓስፖርት ቁጥሩ ቦታ ያስይዛል። ትኬቱ ከአንድ ወር በፊት ይከፈታል፤ በበዓላትና በሐምሌ፣ ነሐሴ ቶሎ ያልቃል። ከሚያዝያ እስከ ኅዳር መደበኛው ትኬት 238 ዩዋን ነው። በቡድን ከሄዳችሁ ይህን የሚጨርሰው አስጎብኚ ድርጅቱ ነው። ቢሆንም ከመክፈላችሁ በፊት የትኛው ትኬት እንደተያዘላችሁ ጠይቁ። ለምን እንደምል ወደ ታች ይገባችኋል።

በተባለው ሰዓት ማዕከሉ ትደርሳላችሁ። ፊልሞቹን ታያላችሁ። ከዚያ የማዕከሉ አውቶቡስ በበረሃው መሐል ወደ ዋሻዎቹ ይወስዳችኋል። ቦርሳ ይቀመጣል። ውስጥ ፎቶ ክልክል ነው። የጆሮ ማዳመጫ ይሰጣችኋል። ይህ የሆነው አስጎብኚዋ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ ሁሉም እንዲሰማት፣ የጎን ቡድንም እንዳይረበሽ ነው። ከከተማ ይዛችሁ የመጣችሁት አስጎብኚ እዚህ ሥራው ያበቃል። ዋሻ ውስጥ የምታስገባችሁ የተቋሙ የራሱ ሠራተኛ ናት። ቁልፍ ያላት እሷ ብቻ ናት።

ስምንት ዋሻ ታያላችሁ። የትኞቹን እንደሆነ እናንተ አትመርጡም። እሷም ቢሆን ሁልጊዜ አትመርጥም። አንዱ ዋሻ እርጥበቱ ወይም አየሩ ገደቡ ላይ ከደረሰ ይዘጋል፤ ቡድኑ ወደ ሌላ ይዞራል። ዘጠኝ ፎቅ ያለው ቀይ ሕንፃ ግን ለማንም አይቀርም። 96ኛው ዋሻ ነው። ውስጡ 35.5 ሜትር ቁመት ያለው ቡድሃ ተቀምጧል። እግሩ ሥር ቆማችሁ ቀና ስትሉ አገጩ ነው የሚታያችሁ። የተሠራው በ695 ነው፤ ያኔ ቻይናን የምትገዛው ንግሥተ ነገሥታት ዉ ዜቲያን ነበረች።

ስምንት ብቻ? ብሎ የሚያዝን አለ። አውቃለሁ፤ ከ492 ውስጥ ስምንት ስትባሉ ቅር ይላል። ግን ስምንቱን በደንብ ያየ ሰው ዓይኑ ሞልቶ ነው የሚወጣው። ተጨማሪ ከፍሎ በጥቂቱ የሚከፈቱ ልዩ ዋሻዎችን ማየትም ይቻላል። አቅም ካላችሁ አድርጉት።

ማዕዱና መንገዱ

ወደ ዱንሁዋንግ የሚሄድ ቡድን ብዙውን ጊዜ ከላንዡ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ይጓዛል። መንገዱ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በጃንግዬ ቀስተ ደመና የሚመስሉ ባለ ብዙ ቀለም ተራሮች አሉ። በጂያዩጓን በ1372 የተሠራው የታላቁ ግንብ ምዕራባዊ ምሽግ አለ። የምሽጉ ሠሪ የሚያስፈልገውን ጡብ እስከ መጨረሻው ቆጥሮ ነው የጠየቀው፤ ሥራው ሲያልቅ የተረፈው አንድ ጡብ ብቻ ነው ይባላል። አፈ ታሪክ ነው። ያቺን ጡብ ግን እስከ ዛሬ ያሳያሉ።

ላንዡ ጠዋት ተነሥታችሁ መብላት ያለባችሁ ነገር አለ። የላንዡ የበሬ ሥጋ ፓስታ ነው፤ ሊጡ በእጅ እየተሳበ ዓይናችሁ እያየ ይሠራል። የአገሩ ሰው ለቁርስ ነው የሚበላው። ጥሩው በአምስት ነገር ይታወቃል ይላሉ። መረቁ ጥርት ያለ፣ ፍጁሉ ነጭ፣ የበርበሬው ዘይት ቀይ፣ ቅጠሉ አረንጓዴ፣ ሊጡ ቢጫ። ስታዙ የሊጡን ውፍረት ትመርጣላችሁ፤ ከፀጉር ቀጭን እስከ ቀበቶ ሰፊ አለ። ምግብ ቤቶቹ አብዛኞቹ ሁይ የሚባሉት የቻይና ሙስሊሞች ናቸው። ስለዚህ ሙስሊም ተጓዥ በዚህ አካባቢ አይቸገርም። «ቺንግ ጄን» የሚለው ጽሑፍ ያለበት ቤት ሐላል ነው።

የቡድን ምግብ ደግሞ በክብ ጠረጴዛ ነው። መሐሉ ላይ የሚሽከረከር ሰፊ ገበታ አለ። ምግቡ ሁሉ እዚያ ላይ ይደረደራል፤ እያሽከረከራችሁ ታነሣላችሁ። ከአንድ ማዕድ መብላት ለለመደ ሰው ይህ እንግዳ አይሆንበትም። ጾም ላይ ያለ ሰው ግን አስቀድሞ ይናገር። አትክልት የመሰለው ምግብ ውስጥ የተከተፈ ሥጋ ወይም የአሳማ ስብ ሊኖር ይችላል። «ቺ ሱ» ማለት ሥጋ አልበላም ማለት ነው። ቡድሂስቶቻቸውም ስለሚጾሙ ቃሉን ያውቁታል።

ዱንሁዋንግ ውስጥ ደግሞ አንድ ጥንቃቄ አለ። የከተማዋ ዝነኛ ምግብ ቢጫ ፓስታ ከአህያ ሥጋ ጋር ነው። ለእነሱ የክብር ምግብ ነው። ለእኛ፣ ክርስቲያን ሆንን ሙስሊም፣ አይሆንም። በትሕትና ፓስታውን ብቻ ማዘዝ ወይም ወደ በግ ጥብሱ መሄድ ነው። የደረቀ አፕሪኮት ተቀቅሎ፣ ጣፍጦ፣ ቀዝቅዞ የሚቀርበውን መጠጥ ግን ማንም እንዳያልፈው። ከበረሃ ሙቀት በኋላ ነፍስ ይዘራል።

መላው ቻይና በቤጂንግ ሰዓት ስለሚሠራ እዚህ በሐምሌ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ነው። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ዋሻውን አይቶ፣ አመሻሽ ላይ የሚንግሻ አሸዋ ተራራ ላይ ወጥቶ፣ ከዚያ የምሽት ገበያ መሄድ ይቻላል። ከአሸዋው ሥር በጨረቃ ቅርጽ የተኛች ትንሽ ሐይቅ አለች። ግመል መጋለብም አለ። የግመሉ ሰልፍ ከመብዛቱ የተነሣ በ2021 ለግመሎች የትራፊክ መብራት ተተክሏል።

ስለ ዋጋም አንድ ነገር ልበል። በቻይና የቡድን ጉብኝት የቆየ በሽታ አለ። ዋጋው ከወጪው በታች ይሆናል፤ ከዚያ ተጓዡ ቀኑን ሱቅ ለሱቅ ሲዞር ይውላል። አስጎብኚው ከሱቁ ኮሚሽን ይቀበላል። ከጥቅምት 2013 ጀምሮ የሚሠራው የቱሪዝም ሕግ በ35ኛው አንቀጹ ይህን ከልክሏል። ቢሆንም ከመጠን በላይ የረከሰ ጉዞ ስታዩ ጠርጥሩ።

በዓል ሲመጣ

ጎብኚው በ2019 ከሁለት ሚሊዮን በላይ ሆነ። መደበኛው ትኬት በቀን 6,000 ሰው ላይ ይቆማል። ታዲያ ሌላው ሰው? ለእሱ የተዘጋጀ ሁለተኛ ትኬት አለ። 100 ዩዋን ነው። ፊልም የለውም፤ የሚያሳየው አራት ዋሻ ነው። በሚጨናነቅበት ቀን እስከ 12 ሺህ ሰው በዚህ ይገባል። ትኬታችሁን ጠይቁ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። አስጎብኚ ድርጅት ሞጋኦ ተካቷል ብሎ የሚያስይዘው ይህኛውን ሊሆን ይችላል።

የጉዳዩ ደካማ ጎን ለእኔ ይህ ነው። ምክንያታቸው ይገባኛል። ሦስት ሺህ ኪሎ ሜትር በባቡር ተጉዞ፣ ልጆቹንና እናቱን ይዞ የመጣን ሰው ከበር መመለስ ይከብዳል። ግን የአሠራሩ ልብ የነበረው ፊልሙ ነው። ያለ ፊልም የገባ ሰው እንደ ድሮው ጎብኚ ነው፤ ሳይዘጋጅ ገብቶ፣ ሳይገባው ይወጣል። አራት ዋሻ ብቻ ማየቱ ጫናውን ይቀንሳል፤ ትርጉሙን ግን አይመልስለትም። ቢያንስ አጠር ያለ ፊልም ወረፋ ሲጠብቁ ቢያዩ ምን ነበረበት እላለሁ።

ሌላው ከእነሱ ቁጥጥር ውጭ ያለው ዝናብ ነው። ሲዘንብ የውጩ እርጥበት ወደ ውስጥ ይገባል። ያኔ የጎብኚ ቁጥር ምንም ቢሆን ዋሻዎቹ ይዘጋሉ። በር ተከፍቶ በተዘጋ ቁጥር እርጥብ አየር ስለሚገባ ማለት ነው። በዚያ ቀን ቀጠሮ የያዘ ሰው ያዝናል። ሌላ ቀን ይዞ መሄድ ነው መፍትሔው። ዱንሁዋንግ ለአንድ ቀን ብቻ አትሂዱ።

ስለ ላሊበላ

ይህን ሳነብ ሐሳቤ ላሊበላ ላይ መዋሉ አልቀረም። ሁለቱም ከዓለት የተፈለፈሉ፣ ሁለቱም የጸሎት ቦታዎች ናቸው። ግን አሠራሩን እንዳለ እናምጣ ማለት አይቻልም። ሞጋኦ ዛሬ ሙዚየም ነው። ላሊበላ ቤተ ክርስቲያን ነው። በገና ሌሊት በእግሩ ቀናት ተጉዞ የመጣን ምእመን ቁጥር ሞልቷል አይባልም፤ ፊልም እይም አይባልም። የእሱ መግባት ጉብኝት አይደለም። ቱሪስቱ ግን ሌላ ነው። ስንት ቱሪስት በአንድ ጊዜ፣ በየትኛው ሰዓት፣ በየትኛው በር የሚለውን መለካት ከጸሎቱ ጋር አይጋጭም። የተቋሙ ባለሙያዎች ደንብ ያወጡት መለኪያውን ዓመታት ካነበቡ በኋላ ነው። እኛ ዘንድ መጀመር ያለበት ከመለኪያው ነው ብዬ አምናለሁ።

አሥራ ሰባተኛው ዋሻ

ከስምንቱ ዋሻዎች አንዱ አብዛኛውን ጊዜ 16ኛው ነው። ሲገቡ በቀኝ በኩል ግድግዳው ላይ ትንሽ በር አለች። እሷ 17ኛዋ ዋሻ ናት። ወደ ውስጥ አይገባም፤ ከደጃፉ ባትሪ አብርቶ ማየት ነው። ስፋቷ ወደ ሦስት ሜትር ገደማ ነው። በ11ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ በጽሑፍ ተሞልታ ተደፈነች፤ ላይዋም ተመርጎ ተሣለበት። ለ900 ዓመት ያህል ማንም አላወቃትም።

በ1900 ዋሻዎቹን በራሱ ፈቃድ ይጠብቅ የነበረ ዋንግ ዩዋንሉ የሚባል የታኦ መነኩሴ አገኛት። ውስጧ ከ50 ሺህ በላይ ጽሑፍ ነበር። መንግሥት እንዲረከበው ደጋግሞ ጻፈ፤ ሰሚ አላገኘም። በ1907 የእንግሊዝ አርኪዎሎጂስት ኦሬል ስታይን መጣ። በሺህ የሚቆጠር ጥቅል ጽሑፍና ሥዕል ጭኖ ሄደ። ዋንግ በምትኩ ያገኘው 130 ፓውንድ ነበር። በዓመቱ ፈረንሳዊው ፖል ፔሊዮ ደረሰ፤ ቻይንኛ ስለሚያነብ ምርጥ ምርጡን ለየ። ስታይን ከወሰዳቸው አንዱ በ868 የታተመው የአልማዝ ሱትራ የተባለው የቡድሂስቶች ቅዱስ ጽሑፍ ነው። ቀኑ ከተጻፈባቸው የታተሙ መጻሕፍት ሁሉ ቀዳሚው ሲሆን አሁን ለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛል። ዋንግ ያገኘውን ገንዘብ ዋሻዎቹን ለማሳደስ አዋለው።

አስጎብኚዋ ይህን ስትተርክ ባትሪዋን ወደ ባዶዋ ክፍል ታበራለች። አንድ የመነኩሴ ሐውልት አለ፤ ሆንግቢያን ይባላል፤ ክፍሏ መጀመሪያ የተሠራችው ለእሱ መታሰቢያ ነበር። ከኋላው ግድግዳ ላይ ሁለት ዛፎች ተሥለዋል። ከአንዱ ቅርንጫፍ ላይ ከረጢት ተንጠልጥሏል። ቡድኑ ተራ በተራ ጎንበስ እያለ ያያል። ከኋላ ሌላ ቡድን ደርሷል። ባትሪው ይጠፋል፤ ሰዉ ወደ ብርሃኑ ይወጣል፤ ቁልፉ ይዞራል።